ታሪክ የሌለው ካርታ

ሐርጌሳ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዮፍታሔ፣

የድሬዳዋ ፀሐይ ሳያከስልህ፣ ተማሪዎችህም በሂሳብ ሳያሳብዱህ ይህች ደብዳቤ በሰላም ታግኝህ። እኔ በእናቴ ጸሎት ደህና ነኝ። ያንተን ጸሎት እንኳ አልቆጥርም፤ ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም የምትሄደው ፈተና ስታወጣ ብቻ ነው። እናቴን ጉልበቷን ሳምልኝ። አንተ የአጎት ልጅ ብትባልም ለሷ እንደ ወንድ ልጇ ነህና ደጋግመህ እያት።

የመጣሁ ዕለት ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽህም። ከተማው ግማሹ ፍርስራሽ፣ ግማሹ አዲስ ነው። አንዱን ግድግዳ ጥይት በሳስቶታል፤ አጠገቡ ያለው ደግሞ ትናንት አረንጓዴ ተቀብቷል። በየሄድክበት ሲሚንቶ ይቦካል። እኔ የማበስለው ለነዚሁ ቤት ለሚሠሩ ለአገራችን ልጆች ነው፤ ኮድቡር በሚባል ሰፈር፣ አስሊ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ግቢ ውስጥ። አስሊ በጦርነቱ ጊዜ ተሰዳ እኛ አገር ሐርትሼኽ ካምፕ ስለ ነበረች አማርኛ ትሰባብራለች። «ነይ ብይ» ማለት አሳምራ ታውቃለች፤ ከዚህ ወዲያ ምን እፈልጋለሁ?

ሥራውን ያገኘልኝ ደላላው አየነው እንደሆነ ታውቃለህ። ሠራተኛም፣ ዕቃም፣ ደብዳቤም የሚያመላልስ እሱ ነው፤ ይህችንም የሚያደርስልህ እሱ ነው። እንደምታያት አላሸግኳትም። በሰው እጅ የምትሄድ ደብዳቤ ማሸግ ተሸካሚውን ሌባ ማለት ነው ትል የለ እናቴ?

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። አምስት መብራትን በደብዳቤ እንጫወት! ልጆች ሳለን በካርቶን የሳልኳቸውን ካርታዎቼን ሻንጣዬ ሥር ከትቼ መጥቻለሁ። ያንተ ከነሣጥኑ እዚያው አሉ። ሕጉን ረሳሁ ብለህ እንዳትከራከረኝ ልጻፍልህ። ለያንዳንዳችን አምስት መብራት አለን። አንዱ ካርታ ያወጣና የካርታውን ታሪክ ይናገራል፤ ሰሚው ከፈራ «ፈራሁ» ብሎ በሐቅ አንድ መብራት ያጠፋል። አምስቱም የጠፋበት ተሸነፈ። የራስ ካርታ የራስ ነው፤ አንዱ የሌላውን አያወጣም። ነገሩ ከጨዋታ ያለፈበትና ከልቡ የፈራ ግን «አብሩልኝ» ይላል። ያኔ ጨዋታ የለም፤ እናቴ እውነተኛውን ኩራዝ ትለኩሳለች፣ ማንም በማንም አይስቅም። ይህችን ሕግ እናቴ ያወጣችው አንተ አልጋ ሥር ገብተህ አልወጣም ያልክ ዕለት ነው። ካድ እስቲ!

የመጀመሪያ ካርታዬ «እንግዳው» ነው። እዚህ ከቀትር በኋላ ሱቁ ሁሉ ይዘጋል፣ ወንዱ ጫቱን ይዞ ይቀመጣል፣ መንገድ ላይ ፍየል እንኳ አይታይም። ነጭ ፀሐይ ብቻ። በዚያ ሰዓት የአንዲት ሴት በር ተንኳኳ። ብትከፍት ማንም የለም። ደጃፉ አሸዋ ላይ ግን የእግር ዱካ አለ። ጎንበስ ብላ አየችው። የገባ እንጂ የወጣ ዱካ የለም።

ፈራህ? በሐቅ! በርበሬ ላክልኝ፤ ልጆቹ ወጡ አልጣፈጠንም ብለው አኩርፈዋል።

እህትህ ሔመን


ድሬዳዋ፣ ኅዳር 2 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሔሙ፣

ጤናሽ እንደ ምላስሽ ይሁን፤ ከዚህ የበለጠ ምርቃት አላውቅም። አክስቴ ዓለምነሽ ደህና ናት፤ ደብዳቤሽን ሦስቴ አስነበበችኝና ሦስቴም አለቀሰች፤ በርበሬውንም ራሷ ደልዛ አስፈጭታዋለች። አየነው እንዴት ያለ ሰው ነው! ለአክስቴ ስኳርና ሽርጥ ይዞላት መጥቶ፣ ቁጭ ብሎ ስለ ልጅነቷ አስወራት። ከነጫማው አልጋ ላይ ይውጣልኝ ብላ መረቀችው።

በሐቅ፣ ፈራሁ። ያ የገባ እንጂ ያልወጣ ዱካ ማታ ሽንት ቤት እንዳልሄድ አድርጎኛል። አንድ መብራቴን አጥፍቻለሁ።

ግን ሔሙ፣ ካርታ አመራረጥሽ ያሳዝነኛል። አንቺ ካርታ የምትይዥው ታሪኩ ስለ ማረከሽ ነው። እኔ ቁጭ ብዬ አስቤበታለሁ። የተያያዙ ሦስት ካርታዎች በአንድ ተራ ወጥተው ያለ ታሪክም ሁለት መብራት ያጠፋሉ ብለን የለ? እንግዲያስ «ነፋስ»፣ «የተከፈተ መስኮት»ና «እርጥብ ክብሪት»ን አያይዤ አውጥቻለሁ። ነፋስ በመስኮት ይገባል፣ መብራት ይጠፋል፣ ክብሪቱ አይለኮስም። ታሪክ አያስፈልገውም፤ ራሱ ሂሳብ ነው። ሁለት መብራትሽ ጠፍቷል፣ አፈር ብይ!

የማይረቡትን ካርታዎቼንም ከእጄ አውጥቻለሁ። «በር ላይ ያለው ወንድም» የሚለው ትዝ ይልሻል? አሥራ ሁለት ዓመቴ ሆኖ የሳልኩት፣ አንገቱ የረዘመብኝ። መጥቶ ስም ከመጥራት በቀር ምንም አይሠራም። መብራት የማያጠፋ ካርታ ምን ያደርግልኛል? ሣጥኑ ውስጥ ወርውሬዋለሁ።

ወንድምሽ ዮፍታሔ


ሐርጌሳ፣ ኅዳር 28 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዮፍታሔ፣

የእናቴ አምላክ ከክፉ ይጠብቅህ፤ እኔንም እንዲጠብቀኝ ንገርልኝ። በርበሬው ደርሶኛል። አስሊ ቀምሳ «ዋላሂ፣ ይሄ እሳት ነው!» ብላ ወደ ወተት ሮጠች።

እሺ፣ ሁለት መብራቴ ጠፋ። ግን ልጠይቅህ፤ ደስ አለህ? እኔ መብራቶቼን ሳጠፋ አልፈራሁም፣ አልሳቅሁም፣ ጀርባዬን አልበረደኝም። የፈተና ወረቀት ታርሞ የተመለሰልኝ ነው የመሰለኝ። አንተ በልጅነትህ እየጮህክ ትሸሽ ስለ ነበር ነው እኮ ጨዋታው የጣመን። ያለ ፍርሃት ማሸነፍ ምን ይረባሃል? ብልጠቱንም ተጫወት፣ አልከለክልህም፤ ግን ከኋላው ሰው ይኑርበት።

እዚህ ያለውን ልንገርህ። መታወቂያዬንና የይለፍ ወረቀቴን አየነው ይዞልኛል፤ እንዳይጠፋብኝ ነው። ከኔ ጋር አንድ ክፍል ያድሩ የነበሩት ትዝታና ይመኙሻል ወደ ቦሳሶ ሄደዋል፤ ከዚያ በጀልባ ባሕር ማዶ ይሻገራሉ ተብሏል። እንደ ደረሱ ይጽፉልሻል ብሎኝ ነበር አየነው። እስካሁን የለም። ትዝታ ስትሄድ ነጠላዋን ገመድ ላይ ረስታዋለች። ነጠላዋን የምትረሳ ልጅ አልነበረችም። አላወርደውም ብዬ እዚያው ትቼዋለሁ።

ካርታዬ «ቁልፍ ያዡ» ነው። አንድ ደግ ሰው ነበረ አሉ። ከተማ የገባችን ሴት ሁሉ «ስምሽ እንዳይጠፋብሽ እኔ ልያዝልሽ» ይላታል። ተቀብሎም ሣጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል። ስሟን የሰጠች ሴት ሌላ ሰው ሲጠራት አትሰማም፤ እሱ ሲጠራት ብቻ ትሰማለች። ከሴቶቹ አንዷ አንድ ቀን ሣጥኑን ከፍታ አየች። ስሞቹ ሁሉ አሉ። ሴቶቹ ግን የሉም።

ዮፍታሔ፣ በእናቴ ይዤሃለሁ፣ ይህን ታሪክ ሁለቴ አንብበው። ደግሞ ጓጉንቸር ላክልኝ፤ የክፍሌ መቀርቀሪያ ልቅ ነው።

እህትህ ሔመን


ድሬዳዋ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሔሙ፣

የገናው ጌታ ካለሽበት ደስታውን ይላክልሽ። አክስቴ ለበዓል ዳቦ ልላክላት ብላ ነበር፤ መንገድ ላይ ይሻግታል ብለን አስቀረናት።

ኧረ ጉድሽ! ሁለቴ አንብበው ስላልሽኝ ሁለቴ አነበብኩት፤ በሁለተኛው የባሰ ፈራሁ። ነጠላዋንማ ከየት አመጣሽው? ገመዱ ላይ ሲወዛወዝ ታየኝ። አንድ መብራቴን አጥፍቻለሁ፤ ሦስት ቀርቶኛል። ይህን «በእናቴ ይዤሃለሁ» የሚል ዘዴሽን ግን ከጥንት አውቀዋለሁ። «በማርያም እውነቴን ነው» ብለሽ ከጋኑ ጀርባ ሰው አለ ያልሽኝ ዕለት በባዶ እግሬ እስከ ለገሃር መሮጤን ሰፈሩ አልረሳውም።

ታሪክሽ አየነውንም አስቆታል። መንገድ ላይ አንብቦት ነው። አልተቀየምኩትም፤ ያልታሸገ ደብዳቤ ነው፣ መንገዱም ያሰለቻል። «ይሄ ቁልፍ ያዥ እኔ ነኝ እንዴ?» ብሎ አክስቴን እንባዋ እስኪመጣ አሳቃት። ጨዋታውን አስተምረኝ ስላለኝ የሦስቱን ካርታ ዘዴ አሳየሁት። ሰውየው ጭንቅላት አለው! ወዲያው ነው የገባው። አንቺን ለማስረዳት ስንት ዓመት ፈጀብኝ?

አሁን ስሚ። «አዙሪት» የሚል አዲስ ካርታ ሠርቻለሁ፤ የወጡትን ሦስቱን ወደ እጄ ይመልሳቸዋል። መለስኳቸው፣ አወጣኋቸው፣ ሁለት መብራት ደግሞ ጠፋብሽ። አንድ ብቻ ቀረሽ፣ ሔሙዬ። አዲስ ሕግም አውጥቻለሁ፤ አንድ መብራት የቀረው ሰው «አብሩልኝ» ማለት አይችልም። ድሮ ልትሸነፊ ስትይ «አብሩልኝ» እያልሽ ጨዋታ ታስቆሚ የነበረው አይረሳኝም። ያ ቀዳዳ ተደፍኗል።

ጓጉንቸሩን ከነሁለት ቁልፉ በቀይ ክር አስሬ ልኬዋለሁ።

ወንድምሽ ዮፍታሔ


ሐርጌሳ፣ ጥር 14 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዮፍታሔ፣

እንደምን ሰነበትክ። እናቴ እንደምን ሰነበተች። ጥምቀትን እዚህ በሆዴ አከበርኩ።

ጓጉንቸሩ ደርሶኛል። ቁልፉ አንድ ነው። ክሩ አለ፤ ሁለት ቁልፍ አስሮ እንደ ነበረ ቋጠሮው ያስታውቃል፣ ቁልፉ ግን አንድ ነው። ትናንት ከቀትር በኋላ ውኃ ቀድቼ ስመለስ ጓጉንቸሩን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አገኘሁት። እኔ ስቆልፍ ፊቱን ወደ ውጭ ነው የማደርገው። ከክፍሉ የጠፋ ነገር የለም። አልጋዬ ላይ ሰው የተቀመጠበት ግን ይታያል።

አየነው መጋቢት ሳይገባ ቦሳሶ ትሄጃለሽ፣ ባሕር ማዶ ጥሩ ሥራ ተገኝቶልሻል ይለኛል። ይቅርብኝ ብዬው ነበር። «ወረቀትሽ እኔ ጋ ነው፣ አታስቢ» አለኝ። ደግ ነው።

ካርታዬ «ጀልባዋ» ናት። ሴቶችን የምትጭን ጀልባ ነበረች። ስትሄድ ሞልታ ትሄዳለች፣ ስትመለስ ባዶዋን ትመለሳለች። የወደብ ሰዎች «ሴቶቹስ?» ሲሉ ባለቤቷ «ደርሰዋል» ይላል። የት እንደ ደረሱ የሚጠይቅ የለም። አንድ ቀን ባሕሩ ነጠላ ተፋ። በማግሥቱ ሌላ ነጠላ። እናቶች ከዳር ቆመው ጥለቱን እያዩ የልጃቸውን ይለያሉ።

ዮፍታሔ፣ አንድ መብራት እንደ ቀረኝ አውቃለሁ። ያወጣኸውንም ሕግ አንብቤዋለሁ። አብሩልኝ።

ሔመን


ድሬዳዋ፣ የካቲት 1 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሔሙ፣

የአክስቴ ምርቃት በያለሽበት ይከተልሽ። ቦሳሶ ልትሄጂ ነው ሲባል እልል አለች። ሌላው ዓመት ሙሉ ደጅ ጠንቶ የማያገኘውን አንቺ በአራት ወር አገኘሽው፤ አየነውን ሰማይ ቤት ይክፈለው እያለች ነው። ውኃ እንደ ሆነ በልጅነትሽም ትፈሪ ነበር፤ አይዞሽ፣ ትለምጂዋለሽ።

ጀልባዋ አስፈርታኛለች፤ አንድ መብራት አጠፋሁ፣ ሁለት ቀረኝ። ግን አይቻልም ያልኩሽን ነገር ደግሞ ጻፍሽው! ያን የጓጉንቸር ታሪክ አስቀድመሽ፣ ከዚያ ጀልባውን፣ ከዚያ «አብሩልኝ»ን ማስከተልሽ ጥሩ አድርገሽ ያሰብሽበት ነው፤ ዘዴ እየተማርሽ መጣሽ ማለት ነው። ግን ሕግ ሕግ ነው። ተከልክሏል።

አየነው አጠገቤ ሻይ እየጠጣ ስስቅ አይቶ «አብሩልኝ ማለት ምንድን ነው?» አለኝ። ከመጀመሪያው ነገርኩት፤ አልጋ ሥር የገባሁበትን፣ አክስቴ ኩራዝ ይዛ የመጣችበትን፣ ቃሉን ያለ ሰው ከልቡ ፈርቷል ማለት እንደ ሆነ። ሻዩን ጨረሰና «ብልህ እናት ናቸው» አለ። ስለ ቁልፉም ጠየቅሁት፤ መንገድ ላይ ወድቆ ይሆናል ነው የሚለው።

አንድ ነገር ስሚኝ፣ ሔሙ። አንዴ እንኳ እንደ እኔ አስበሽ ተጫወቺ። ታሪኩን ተይና የያዝሽውን ካርታ ቁጠሪ፤ ብታያይዣቸው ታሸንፊኛለሽ።

ወንድምሽ ዮፍታሔ


ሐርጌሳ፣ የካቲት 15 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለተከበርከው ወንድሜ ለአቶ ዮፍታሔ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ። እናቴም በምንም እንዳታስብ ንገርልኝ። በራሴ ፈቃድ ወደ ቦሳሶ ለመሄድ ወስኛለሁ። ከወሩ መጨረሻ በፊት እንነሣለን። አድራሻ ሳገኝ እጽፋለሁ፤ እስከዚያ ደብዳቤ መላክ አያስፈልግም። አየነው በሁሉም ነገር እንደ ወንድም ረድቶኛል።

ስለ ጨዋታው፣ በምክርህ መሠረት ካርታዎቼን አያይዤ አውጥቻለሁ። «ጣሪያ ላይ የሚሄደው»፣ «ጉድጓዱ» እና «ጥቁር ውኃ»። ሁለት መብራትህ ጠፍቷል። ስለዚህ አሸንፌሃለሁ።

ከዚያም «በር ላይ ያለው ወንድም»ን አውጥቻለሁ።

እህትህ ሔመን


ቶጎ ውጫሌ፣ የካቲት 19 ቀን 1993 ዓ.ም.

ሔሙ፣

ይህን ደብዳቤ አሽጌዋለሁ። የሚያመጣልሽ ጌዲ ይባላል፤ ሲሚንቶ የሚጭን ሹፌር ነው፣ ድሬዳዋ ቤት ተከራይቶ ጎረቤታችን የነበረ። ለአስሊ በእጇ ይሰጣታል፣ ለሌላ ለማንም።

አየነው ደብዳቤሽን ሰጥቶኝ ሳቅ ብሎ «አሸነፈችህ» አለኝ። እኔ ጅሉም ሳቅሁ። እሱ ከወጣ በኋላ መብራቶቼን ላጠፋ ተቀመጥኩ። ታሪኩን ፈለግሁት። ወረቀቱን ገለበጥኩት፤ የለም። አንቺ ታሪክ የሌለው ካርታ በሕይወትሽ አውጥተሽ አታውቂም። ከዚያ ደግሞ አልኩ፣ ካሸነፈች በኋላ ካርታ ለምን ታወጣለች? ያሸነፈ ሰው እጁን ያጥፋል እንጂ። ከዚያ የካርታውን ስም አየሁት። ሄጄ ሣጥኑን ከፈትኩ። «በር ላይ ያለው ወንድም» አንገቱን አስረዝሞ እዚያው እኔ የወረወርኩት ቦታ ተቀምጧል። የኔ ካርታ ነው። ስም ከመጥራት በቀር ምንም የማይሠራው።

ደብዳቤዎችሽን ሁሉ ከመጀመሪያው አነበብኳቸው። ሁሉንም ነግረሽኛል። ሁሉንም! እኔ ደግሞ ሳነብ መብራት ነበር የምቆጥረው።

ለአክስቴ እንዴት ብዬ ልንገራት? በሩ ላይ ቆሜ «ሔመን አብሩልኝ ብላለች» አልኳት። አልጠየቀችኝም። ኩራዙን አውርዳ በጠራራ ፀሐይ ለኮሰችው። እስካሁን አላጠፋችውም።

ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ነበር፤ ነገሩ ድንበር ማዶ ነው አሉኝ። እዚህ ድንበሩ ላይ ማለፊያ እስኪሰጡኝ እየጠበቅሁ ነው። አየነው ቀድሞኝ ተሻግሯል። ይህ ደብዳቤ ከደረሰሽ ከዚያ ክፍል ውጪ። ለአስሊ ንገሪያት። ቃል እየጠፋሽም ቢሆን፣ በእጅሽም ቢሆን ንገሪያት። ያወጣሁት ሕግ ተሰርዟል። እየመጣሁ ነው።

ዮፍታሔ


ሐርጌሳ፣ የካቲት 21 ቀን 1993 ዓ.ም.

ዮፍታሔ፣

ክፉ አይንካህ። በሕይወት አለሁ።

ያን ደብዳቤ አየነው ያጻፈኝ አጠገቤ ቆሞ ነው። ቃል በቃል እየነገረኝ። ጨዋታው ላይ ስደርስ «እዚህ የራስሽን ጻፊ፣ ካልሆነ ይጠረጥራል» አለኝ። ታሪክ ግን እንዳልጽፍ ከለከለኝ። ያኔ የምክርህ ነገር ትዝ አለኝና እንዳንተ ቆጠርኩ። እግዜር ይስጥህ፣ ብልጠትህ አንድ ቀን ጠቀመኝ።

የጌዲ መልእክት ሲደርስ ለአስሊ የነገርኳት በሦስት ቋንቋ ፍርፋሪና በለቅሶ ነው። ገና ሳልጨርስ ጫማዋን አደረገች። ማሕሙድ ሃይቤ የሚባል ሰፈር እህቷ ቤት አምጥታኛለች። የእህቷ ባል ዓብዱላሂ ለሰፈሩ ሽማግሌዎች ነግሯል፤ አየነውን ጠርተው ወረቀቴን ያስመልሱልኛል፣ ኢንሻአላህ። እሱ ግን እስካሁን አልተገኘም። ማለቴ፣ እነሱ አላገኙትም።

ትናንት ከቀትር በኋላ ነው። ቤተሰቡ ጋደም ብሏል፣ መንገዱ ጭር ብሏል፣ ፀሐዩ ነጭ ነው። በሩ ተንኳኳ። በአማርኛ፣ በድሬዳዋ አማርኛ፣ «ሔሙ፣ ዮፍታሔ ነኝ፤ ክፈቺ» አለኝ። ሔሙ አለኝ! ከአንተ በቀር ማን ይለኛል? ዘልዬ ተነሣሁ። እጄ መቀርቀሪያው ላይ አርፏል። ከዚያ ለምን እንደ ሆነ እንጃ፣ «ታሪኩን ንገረኝ» አልኩ።

ትንፋሹ ይሰማኛል። ቆይቶ፣ ቀስ ብሎ፣ «ነፋስ፣ የተከፈተ መስኮት፣ እርጥብ ክብሪት» አለ። ከዚያ ሳቀ።

ዓብዱላሂ ከጓሮ ሲያስል ሰምቶ ሄደ። አሸዋው ላይ የመጣበትም የሄደበትም ዱካ አለ። ቆሜ አየሁት። ምነው የእንግዳውን ታሪክ ባልጻፍኩት አልኩ።

አሁን ምግብ አልበላም፣ በር ሲነካ እጮኻለሁ። ይህችን የሚያመጣልህ ጌዲ ቤቱን ያሳይሃል። ግን ዮፍታሔ፣ ብትጮህም አልከፍትልህም። ድምፅ አላምንም። ስሜን ያውቃል፣ ዘዴህን ያውቃል፣ ቃላችንን ያውቃል፤ አንተ አስተምረኸዋል። እሱ የማያውቀው አንድ ነገር ነው። ለዚያ አንገተ ረጅም ካርታህ ታሪክ ጻፍለትና በበሩ ሥር አስገባው። ጽሕፈትህን አውቃለሁ፤ ታሪክህን ግን እኔም ሰምቼው አላውቅም። ካስፈራኝ አንተ ነህ ማለት ነው።

እህትህ ሔመን


(በበሩ ሥር የገባ ወረቀት፣ ቀን የሌለው)

ካርታዬ «በር ላይ ያለው ወንድም» ነው። ታሪኩም ይኸው።

አንድ ጨለማ ቤት ነበረ፤ ውስጡ አንዲት ልጅ፣ ውጭ ወንድሟ። ልጅቷ «አብሩልኝ!» ብላ ጮኸች። ወንድሟ ሰማት። እየቆጠረ ስለ ነበር ግን «ቆይ፣ ላሸንፍ ትንሽ ቀርቶኛል» አላት። አጠገቡ አንድ እንግዳ ሻይ እየጠጣ ነበር። «ምን አለች?» አለው እንግዳው። ወንድምየው ሰው ስላገኘ ደስ አለው። ክብሪቱ የት እንዳለ ነገረው። መስኮቱ የቱ እንደሚከፈት ነገረው። ቁልፉን በቀይ ክር አስሮ በእጁ ሰጠው። እንግዳውም አመስግኖ ገባ።

ወንድምየው ቁጥሩን ጨረሰ። ማሸነፉን ሊነግራት ቀና ሲል ቤቱ ድምፅ የለውም። ከዚያ ወዲህ በየከተማው በር ያንኳኳል አሉ። ስሟን ይጠራል። ሰዎች ይከፍቱለታል፣ ያዝኑለታል፣ ውኃም ይሰጡታል። አንዱም ግን የሷ በር አይደለም። አርጅቶም ያንኳኳል። እናቷ ኩራዙን ለኩሳ እቤት ቁጭ ብላለች፤ ጋዙ እያለቀ ነው፤ ባዶ እጁን ተመልሶ ምን እንደሚላት አያውቅም።

ሌላ ታሪክ አላውቅም፣ ሔሙ። የማውቀው ይህን ብቻ ነው፤ ካንቺ ደብዳቤ ወዲህ ይህን ነው የማየው። ጌዲ አጠገቤ ቆሟል። አንገቴ እንደ ሥዕሉ ባይረዝምም ፀሐዩ አናቴን እየበሳው ነው።


(በዚያው ወረቀት ጀርባ፣ በሔመን ጽሕፈት፣ በበሩ ሥር የተመለሰ)

ፈራሁ። የመጨረሻዋን መብራቴን አጥፍቻለሁ።

አሸንፈሃል፤ ግባ።